ከጥሎሽ እስከ አልማዝ፦ የእጮኝነት ጌጥ በዋጃና በባሕር ማዶ

ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ እና በአካባቢዋ ባለው የራያ ቆላ፣ እጮኝነት ከሁሉ አስቀድሞ የሁለት ቤተሰቦች ጉዳይ ሆኖ ኖሯል፤ ጋብቻው የሚጠየቀው ሽማግሌ ተልኮ ሲሆን፣ የልጅቱ ወላጆች ዘመድ አማክረው ቀን ከቆረጡ በኋላ ልብሱም፣ ጌጡም፣ ለአዲሱ ጎጆ የሚመደበው ከብትም በሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ንግግር ይወሰናል። ከዚህ አካባቢ የተነሡ ቤተሰቦች ልጆች በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ሲተጫጩ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ከወርቅ ሠሪ ፊት ተቀምጠው የድንጋዩን ዓይነት፣ የወርቁን ቀለምና የቀለበቱን ቅርጽ ይመርጣሉ፣ በንድፉም ላይ ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። ይህ የመምረጥ ነጻነት ትልቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ በአገር ቤቱ ሥርዓት ውስጥ ጌጡ ለሴቲቱ የክፉ ቀን መጠጊያ የነበረ መሆኑ በአልማዙ ብልጭታ እንዳይረሳ በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል።

ጥሎሽ የሚባለው ሙሽራው ወይም ቤተሰቡ ለሙሽራዪቱ የሚያቀርቡት ልብስና ጌጣጌጥ ሲሆን፣ ዋናው መለያው በአደባባይ የሚቆጠር መሆኑ ነው። ቀሚሱና ነጠላው እየተዘረጋ፣ ድሪው፣ አምባሩ፣ ጉትቻውና አልቦው እየተነሣ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል፤ ጎደለ የሚል ካለ ይናገራል፣ ሞላ የሚል ይመርቃል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሙሽራዪቱ ምርጫ ብዙ ጊዜ ቦታ አልነበረውም፤ ይህም ጉድለቱ ነው፣ በተለይም ልጅቱ ሳትጠየቅና ዕድሜዋ ሳይደርስ በተዳረችበት ዘመን ጌጡ ያልፈለገችውን ትዳር ማስጌጫ ይሆን ነበርና። በሌላ በኩል ግን ቆጠራው ለሴቲቱ ምስክር ያቆምላታል፤ ምን እንደተሰጣት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ነገ ጠብ ቢመጣ ጌጡ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ አያጣም።

ጌጡ የተሠራበት ማዕድንም ሴቲቱን ለክፉ ቀን የመጠበቁን ዓላማ ያገለግላል። በሰሜን ኢትዮጵያ የሴቶች ጌጥ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ብር ነበር፤ አንጥረኞችም ዋና የብር ምንጭ ያደረጉት የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ሲሆን፣ ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ በየትኛውም ዘመን ቢታተም የ1780 እ.ኤ.አ. ምልክት እንደያዘ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር የሆነ ነበር። ገንዘብ ቀልጦ ጌጥ፣ ጌጥም ቀልጦ ገንዘብ መሆን ይችል ስለነበር በአንገትና በእግር የሚጠለቀው ሁሉ የቤቱ ቁጠባ ነበር ማለት ይቻላል። ዝናብ በሚያጥርበት የራያ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ረሃቡ ከከፋባቸው ቦታዎች መካከል ኮረምና አካባቢው፣ እንዲሁም የቆቦ ቆላ ይገኙበታል፤ ከብት ሞቶ እህል በጠፋበት በእንዲህ ያለ ጊዜ ሊሸጥ የሚችል የብር ጌጥ ያላት ሴትና የሌላት ሴት እኩል ዕድል አይኖራቸውም።

ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋልደውና ተጎራብተው በሚኖሩበት በወሎ፣ የቀለበት ትርጉም በየሃይማኖቱ ይለያያል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተክሊል ሥርዓት ቀለበት ከካባውና ከአክሊሉ ጋር ተባርኮ ለሙሽሮቹ ይሰጣል፤ ሆኖም ብዙው የገጠር ጋብቻ በምስክሮች ፊት በውል የሚፈጸመው ሰማንያ ስለነበር ቀለበት በሠርጉ ቀን የግድ የሚታይ ነገር አልነበረም። በእስልምና ደግሞ ኒካሕ ሲታሰር ባልየው ለሚስቱ የሚሰጠው መህር የእርሷ ብቻ ሀብት ነው፤ ወርቅም ለሴት የተፈቀደ ሲሆን፣ ለወንድ ግን እንደማይፈቀድ የሃይማኖቱ ሊቃውንት ስለሚያስተምሩ የሙስሊም ጥንዶች የወንዱን ቀለበት ከብር ያሠራሉ። በሁለቱም እምነት አልማዝ ግዴታ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያንም ሆነ ከመስጊድ የመጣ ልማድ አይደለምና።

ዛሬ ኢትዮጵያውያን «ቀለበት ማሰር» የሚሉት የእጮኝነት ሥርዓት በከተማ የተስፋፋ ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለቀለበት የሚኬደው ወደ ፒያሳ የወርቅ ቤቶች ነበር፤ እዚያም ወርቁ በግራም ተመዝኖ ዋጋው ከተነገረ በኋላ የእጅ ዋጋ ይጨመርበት ነበር፣ ስለ ንድፍ የሚደረገው ንግግርም ብዙ ጊዜ በመስታወት ውስጥ ካለው አንዱን በመምረጥ ያልቅ ነበር። ለዋጃ ልጆች ግን ከፒያሳ ይልቅ የሚቀርቧቸው በባሕር ማዶ ያሉት ጅዳና ሪያድ ናቸው። ከራያና ከሰሜን ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄዱ ወጣቶች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ስለ ውጭ አገር ጌጥ ሲነገር አሜሪካን ብቻ ማሰብ ስሕተት ይሆናል። በዓረብ አገር የወርቅ ገበያ የሚሸጠው በአብዛኛው 21 ካራት ወርቅ ነው፤ ካራት ሲባል በወርቅ ረገድ የንጽሕና መለኪያ ሲሆን፣ 24 ካራት ንጹሕ ወርቅን፣ 21 ካራት ከመቶ 87.5 እጅ፣ 18 ካራት ከመቶ 75 እጅ ወርቅ መሆኑን ያመለክታል። በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ አምባር የገዛች የቆቦ ልጅ ጥሎሿን ራሷ ለራሷ እንዳመጣች ይቆጠራል፤ ይህን የመሰለ ለውጥ ከአልማዝ ቀለበት ሁሉ በላይ ሊከበር የሚገባው ነው፣ ምክንያቱም ምርጫውም ሀብቱም በአንድ ጊዜ በእጇ ገብቷል።

በምዕራቡ ዓለም ሥር የሰደደ የሚመስለው የአልማዝ ቀለበት ልማድ በእርግጥ ሲታይ ረጅም ዕድሜ የለውም። የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን በ1477 እ.ኤ.አ. ለቡርገንዲዋ ማርያም አልማዝ ያለበት ቀለበት እንደሰጠ ቢነገርም፣ ነገሩ የነገሥታት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ አልማዝ ከተገኘ በኋላ ገበያውን የተቆጣጠረው ዲ ቢርስ የተባለው ኩባንያ፣ በአሜሪካ ባሠራው ማስታወቂያ አልማዝን ከፍቅር ጋር አጣመረው፤ «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን ታዋቂ መፈክር የጻፈችው ፍራንሲስ ጌሬቲ የተባለች የማስታወቂያ ጸሐፊ ስትሆን፣ ዘመኑም 1947 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ አንድ ወጣት የሁለትና የሦስት ወር ደሞዙን በድንጋይ ላይ ካላዋለ ፍቅሩ ጎደሎ እንደሆነ ቢነገረው፣ ይህ ከአባቶቹ የመጣ ቃል ኪዳን ሳይሆን ዕቃ ለመሸጥ የተዘጋጀ ሐሳብ መሆኑን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ጥንዶቹ ቀለበቱን አብረው ለመንደፋቸው ዋጋ የሚሰጡት በሥራው ሂደት ውስጥ የሚነሡት ጥያቄዎች ናቸው። ወርቅ ሠሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ያህል ገንዘብ እንደተመደበ ነው፤ ለመጋባት ያሰቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገር ነውር ሆኖባቸው ያደጉ በመሆናቸው፣ ለአገር ቤት ወላጅ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ፣ የትምህርት ዕዳውና የሠርጉ ወጪ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ የሚቆጠሩት በዚህች ጥያቄ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሙሽራዪቱ የእጅ ሥራ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። በባሕር ማዶ ብዙ ኢትዮጵያውያት በነርስነትና በአረጋውያን መርጃ ቤቶች ስለሚሠሩ ቀኑን ሙሉ ጓንት ያጠልቃሉ፤ ድንጋዩ በአራት ወይም በስድስት ቀጫጭን ጥፍሮች ተይዞ ከፍ ብሎ ከቆመ ጓንት ይቀድዳል፣ ሊጥም ሲቦካ በሥሩ ይገባል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በወርቅ ጠርዝ የተከበበ ድንጋይ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የተሻለ ነው።

ድንጋዩ ራሱ በአራት ነገሮች ይመዘናል፤ እነዚህም ክብደት፣ ቀለም፣ ጥራትና ቆረጣ ናቸው። ለከበሩ ድንጋዮች ካራት የክብደት መለኪያ ሲሆን አንዱ ካራት 0.2 ግራም ነው፤ አንድ ካራት የሚመዝን ክብ አልማዝ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ቀለም የሚመዘነው ፈጽሞ ቀለም ከሌለው «ዲ» አንሥቶ ቢጫነቱ እስከሚታየው «ዜድ» ድረስ ባለው ደረጃ ነው፤ ይህን የደረጃ አሰጣጥ ያስፋፋው በ1931 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ኢንስቲትዩት ነው። ጥራት ማለት በድንጋዩ ውስጥ ያለ ስንጥቅና ነጠብጣብ መጠን ሲሆን፣ ቆረጣ ደግሞ ብርሃን ገብቶ ወደ ዓይን ተመልሶ የሚወጣበት የገጾቹ ልክ ነው። ከአራቱ የሰው እጅ የሚወስነው ቆረጣው ብቻ ነው፤ ለብልጭታውም ከሁሉ በላይ የሚረዳው እርሱ ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠራቸው ጥንዶች ከክብደቱ ቀንሰው ከቆረጣው ባይቀንሱ መልካም ነው። ዋጋ በሙሉ ቁጥር ላይ ስለሚዘል፣ 0.9 ካራት የሚመዝነው ድንጋይ ከ1 ካራቱ በዓይን ሳይለይ በርካሽ ሊገኝ ይችላል።

ድንጋዩ ከተመረጠ በኋላ ቀለበቱ በኮምፒዩተር ይሣላል፣ ከሥዕሉም የሰም ቅርጽ ይወጣለታል፤ ሰሙ በጭቃ መሰል ነገር ተሸፍኖ በእሳት ሲቀልጥ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። እዚህ ላይ የሰሜን ወሎ ሰው ሊኮራበት የሚገባ ነገር አለ፤ ከላሊበላና ከሌሎች የአገሪቱ አድባራት የሚታወቁት ከነሐስ የተሠሩ የመጾር መስቀሎች በዚሁ በሰም ቅርጽ ዘዴ የተሠሩ ናቸውና። ስለዚህ የራያ ልጆች ቀለበታቸውን ሲያስነድፉ ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ ቅርጽ ከመለመን ይልቅ የመስቀሉን ሐረግ፣ ሙስሊሞች ከሆኑም በምንጣፍና በሰፌድ ላይ የሚታየውን የመስመር ሽመና ቢያቀርቡ ወርቅ ሠሪው ሊያወጣላቸው ይችላል።

ከማዕድን የወጣ አልማዝ ወይስ በላቦራቶሪ የተሠራ የሚለው ጥያቄም ሁለቱ አብረው የሚመልሱት ነው። ሰው ሠራሽ አልማዝ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ከተገኘ ከ1954 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተሻሽሎ፣ በይዘቱና በጥንካሬው ከተፈጥሮው አይለይም፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም በ2018 እ.ኤ.አ. «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ከአልማዝ ትርጓሜ አውጥቶታል። ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። በጦርነት የተነገደ ድንጋይ እንዳይገዙ የሚሰጉ ጥንዶችም ይህን ይመርጣሉ፤ ለዚሁ ሥጋት መልስ እንዲሆን የተቋቋመው የኪምበርሊ ስምምነት በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ ቢጀምርም፣ የሚቆጣጠረው በዋናነት ዐማፅያን መሣሪያ የሚገዙበትን ድንጋይ እንጂ የቆፋሪዎችን ኑሮ አይደለም። የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፦ የተፈጥሮም ሆነ የላቦራቶሪ አልማዝ ተመልሶ ሲሸጥ ከተገዛበት ዋጋ ብዙውን ያጣል። ከቀለበቱ ውስጥ እንደ ጥሎሹ ብር ለክፉ ቀን የሚተርፈው ወርቁ ነው፤ በአሜሪካ የተለመደው 14 ካራት ደግሞ ከመቶ 58.3 እጅ ያህል ብቻ ወርቅ አለው። የዋጃ እናቶች እንዲህ ያለውን ቀለበት በጥርጣሬ ቢያዩት አይፈረድባቸውም።

የወሎ ሰው የራሱ ድንጋይም አለው። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ባሉ ገደሎች ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል፣ ሲያዘነብሉት ቀለሙን የሚለዋውጥና በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የጥንካሬው መጠን ከ10 ውስጥ ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን አልማዝ 10 ነው፤ ከዚያም በላይ የወሎ ኦፓል ውሃ የሚመጥ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ መልኩ ይቀየራል፣ ሲደርቅም ይመለሳል፤ ዘይትና ቅቤ ከገባበት ግን መልኩ ሊበላሽ ይችላል። በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት ስለማይመች ለጉትቻና ለአንገት ሀብል ቢመረጥ ይሻላል፤ በዚህም መንገድ አልማዙ ከውጭ፣ ኦፓሉ ከደላንታ ሆኖ ሁለቱም በአንድ ጥሎሽ ሊቀርቡ ይችላሉ።

የቀለበቱ ባለቤትነት ነገር ከንድፉ በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች ውል አድርጎ ደንግጎ፣ ውሉን ያፈረሰው ወገን ለወጪው ተጠያቂ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ደግሞ የእጮኝነት ቀለበት ጋብቻው ከተፈጸመ ብቻ የሚጸና ስጦታ ሆኖ ይታያል፤ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ቀለበቱ ለሰጪው እንዲመለስ ወስኗል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል፤ ነገር ግን የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ በዋጃ የሚጋቡ የክልሉን ሕግ ማየት ይኖርባቸዋል። በውጭ አገር ተነድፎ የመጣ ቀለበት ያላቸው ጥንዶች በአገር ቤት ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ የወርቁን ክብደትና ካራት፣ የድንጋዩን የምስክር ወረቀት ቁጥርና ደረሰኙን በጥሎሹ ዝርዝር ውስጥ አስፍረው፣ ቀለበቱ የእርሷ የግል ሀብት መሆኑን ከሁለቱም ወገን በተገኙ ምስክሮች ቢያስፈርሙ፣ ለሴቲቱ ከዲ ቢርስ መፈክር የበለጠ ዋስትና ይኖራታል።