ሁለት ሌሊት በሐረር፦ የጉብኝት ዝርዝርዎን እቤት ይተዉት

መቼም የኛ ሰው "ሽርሽር" ሲባል ዓይኑ የሚሄደው ባሕር ማዶ ነው። ፕራግ፣ ቡዳፔስት፣ ፓሪስ... ወንዝ በመሐሏ የሚያልፍ፣ ድልድይዋ በመብራት ያሸበረቀ አሮጌ ከተማ። ደግ ነው፣ የቻለ ይሂድ። ግን "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" ይላል ያገራችን ሰው። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ በራሷ አሚሮች ስትተዳደር የኖረች፣ የራሷን ገንዘብ ትቀርጽ የነበረች፣ ግንቧ ዛሬም ዙሪያዋን ያቀፋት የድሮ ዋና ከተማ አለችልን። ወንዝ ብቻ ነው የሌላት።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ የማውቃቸው ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው ይቆየን። 10ኛ ዓመት ጋብቻቸውን ቡዳፔስት ላይ ለማክበር ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅሙ ኖሩ። ቪዛው ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ዝምታ ገባ። እሱ "ወረቀቱን በጊዜ ብታሟዪ ኖሮ" ይላል፤ እሷ "መጀመሪያውኑስ የማን ምኞት ነው?" ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ የተነጋገሩት ስለ አስቤዛና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በመጨረሻ እሷ "እንግዲያው ሐረር እንሂድ፤ ካልሆነልንም እዚያው ይለይልን" አለች። የምሯን ነበር።

ልጆቹን አያታቸው ጋ ትተው ተነሡ። ባል ግን ለቡዳፔስት ያሰበውን ዓይነት ፕሮግራም ለሐረርም አወጣ። 22 የሚታዩ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው ከነደቂቃቸው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ስሕተቱም እዚያ ላይ ነው የጀመረው። ወደነሱ እንመለሳለን፤ አስቀድመን ግን የእርስዎን ጉዞ እናሰናዳ።

መቼ ይሂዱ?

ረመዳን ከሆነ ቀን ቀን ጀጎል ውስጥ የሚበላበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ማታው ግን ሞቅ ደመቅ ያለ ነው። ከዒድ አልፈጥር በኋላ ስድስት ቀን ተጹሞ የሚከበረው ሸዋሊድ ደግሞ የከተማዋ ትልቅ በዓል ነው። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ያን ሰሞን መሄድ ከፈለጉ አልጋ ቀደም ብለው ይያዙ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱም አውሮፕላኑም ይጨናነቃል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከነዚህ ሁሉ ውጪ ያለውን ተራ ሳምንት ይምረጥ።

በምን ይሂዱ?

ሁለት ሌሊት ብቻ ላለው ሰው የሚሻለው አውሮፕላን ነው። ድሬዳዋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኤሌክትሪክ ባቡሩም መሄድ ይቻላል፤ የሚነሣበትን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጣቢያዎቹ ከከተማ ራቅ ስለሚሉ የታክሲውንም ሒሳብ ያስቡበት። በመኪና በአዋሽ፣ በጭሮና በቁልቢ በኩል መሄድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሳያጣሩ አይውጡ።

ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የድሬን ሙቀት ከታች ጥለው የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ነፋሱ ይለወጣል። ሐረር ልትደርሱ ስትሉ አወዳይ አለች። የጫት ገበያዋ ግርግር በመስኮት ቢታይ ይበቃል።

የት ያድራሉ?

ሐረር ሁለት ናት። ከግንቡ ውጪ ያለችው አዲሲቱ ከተማ ሰፋፊ መንገድና ሆቴል አላት። ከግንቡ ውስጥ ያለችው ጀጎል ናት። እኔን ከጠየቁኝ ጀጎል ውስጥ ይደሩ። ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ ያዘጋጁ ቤተሰቦች አሉ። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። አንደኛ፣ ቤቱ የሰው ቤት ነው፤ ቢራ ይዘው አይገቡበትም። ሁለተኛ፣ የውሃ ነገር። ወንዝ የላትም ያልኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሐረር ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ እንዲመጣላት ተደረገ። ስለዚህ አልጋውን ሲይዙ ከዋጋው በፊት "ሮቶ አላችሁ ወይ?" ብለው ይጠይቁ።

ቤቱ ራሱ ከሙዚየም ይበልጣል። ወለሉ ቀይ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከአፄ ምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው በስፌትና በሣሕን ተሸፍኗል። ሳሎኑ ውስጥ አምስት ነደባ አለ፤ ነደባ ማለት ከወለሉ ከፍ ከፍ ብሎ የተሠራ መደብ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ያ የኛ ሰውዬ እንደገባ ዘው ብሎ አንዱ ላይ ጉብ አለ። የቤቱ እመቤት ሳቁና "ልጄ፣ እሱ የአባወራው ነው፤ አንተ ወዲህ ና" አሉት። እንግዳ ወደሚቀመጥበት ወሰዱት። ሚስት በልቧ "እሰይ!" አለች።

የሚያዩትን ጥቂት ያድርጉት

ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጠዋት በብርዱ በእግር ይዙሩት፤ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ኋላም የተከፈተው ሐረር በር። በዚያች ጠባብ ግቢ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውልያ መቃብሮች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገባት ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ ፈረስ መጋላ ይቁሙ። ራስ መኰንን ያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው። ቁልቁል ሲወርዱ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጠዋት ጨርቅ ሰጥተው ማታ ልብስ ይረከባሉ። ከሥጋ ገበያው አጠገብ ሥጋ ይዘው ከሄዱ ወደ ላይም ይመልከቱ፤ ጭልፊቱ ከእጅዎ ላይ ይመነትፍዎታል።

ከሙዚየሞቹ ሁለቱ ይበቁዎታል። አንዱ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ አንድ የከተማው ሰው በግሉ የሰበሰበው ሳንቲም፣ ጥንታዊ ጽሑፍና ጌጣጌጥ ያለበት። ራስ ተፈሪ ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ቤት ነው ይባላል። ሌላው የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ከ1880 ጀምሮ እስከ 1891 (እ.ኤ.አ.) ሐረር እየተመላለሰ ነግዷል። ነገር ግን በስሙ የሚጠራውን ይህን ያማረ የእንጨት ቤት አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ከሱ በኋላ ነው። ቢሆንም ይውጡበት። ከላይ መስኮቱ ላይ ሆነው የጀጎልን ጣሪያ ሁሉ ያያሉ።

ከምሳ በኋላ ምንም ፕሮግራም አይያዙ። ከተማዋ በርጫ ላይ ናት። ሱቁም ይዘጋጋል፤ እርስዎም አረፍ ይበሉ። በወተት የሚፈላውን ሆጃ ይጠይቁ፤ በሐላዋ ይጠጡት።

የተጣላ የማይተላለፍበት መንገድ

አሁን ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባል ወረቀቱን ይዞ ከፊት፣ ሚስት ከኋላ። ሙዚየም በ40 ደቂቃ፣ ገበያ በ25 ደቂቃ። መኪና ግርግር ሲደርሱ እሷ አንዱ ልብስ ሰፊ ጋ ቆማ ጨርቅ መምረጥ ያዘች። እሱ ሰዓቱን አየና "ይኸ ፕሮግራማችን ውስጥ የለም" አላት።

"እኔስ ፕሮግራምህ ውስጥ አለሁ?" አለችው።

ጥሏት ሄደ። እሷም በሌላ በኩል ሄደች። ጀጎል ውስጥ ተቆጥቶ መሄድ ቀላል ነው፤ መመለሱ ነው ጣጣው። 368 መንገዶች አሉ ይባላል። አንዱ ሌላውን ይመስላል፣ ግድግዳው ሁሉ በኖራ ተለቅልቋል። አንድ ሰዓት ያህል ሲዞሩ ቆይተው ከአንዲት ቀጭን መንገድ መሐል ከወዲያና ከወዲህ ተገናኙ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም።

"ተመለሺና ልለፍ" አላት።

"አንተ ተመለስ" አለችው።

እንዲህ ተፋጠው ሳለ ከኋላዋ እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ደረሱ። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ "ልጆቼ፣ ወይ ታረቁ ወይ አሳልፉኝ፤ ሸክሙ ከብዶኛል" አሏቸው።

ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። እናትዬዋ አለፉ። ሰዎቻችን ትከሻ ለትከሻ እንደተጣበቁ ቀሩ። "ሦስት ወር ሙሉ እንደዚያ ተጠጋግተን አናውቅም ነበር" አለችኝ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው።

በኋላ ለቤቱ እመቤት ሲነግሯቸው አልገረማቸውም። ሐረር ውስጥ መገራ ወገራ የምትባል ቀጭን መንገድ አለች፤ የዕርቅ መንገድ ይሏታል። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ቢገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ አይችሉም። ያን ዕለት ማታ እመቤቲቱ ኪርታት የምትባለውን ትንሿን ክፍል አሳዩአቸው። ሙሽሮች በጫጉላቸው ሳምንት የሚቀመጡባት ናት። "ጠባብ አይደለችም ወይ እማማ?" አለች ሚስት። "እንዲጠባቸው እኮ ነው የሚገቡት" አሏት።

ጅቡን እንዴት ይዩ?

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" እንላለን። ሐረር ግን ጅቡን ያውቁታል። በግንቡ ላይ ሌሊት የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። በየማታው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሲመገብ ያገኙታል። ዋጋውን ቀድመው ይነጋገሩ፣ ሕፃናት አያስጠጉ፣ አብረው አይጩኹ። ሥጋውን በእንጨት በአፍዎ ይዘው እንዲያበሉ ይጋበዛሉ፤ ካልፈለጉ "ይቅርብኝ" ቢሉ የሚያሳፍር አይደለም።

ሥነ ሥርዓቱን አይርሱ

የሰው ደጃፍ ክፍት ነው ብለው አይግቡ። ቆመው "ሰላም አለይኩም" ይበሉ፣ ጫማዎን ያውልቁ። በተለይ የጀጎል ሴቶችን ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሡ፤ የልብሳቸው ቀለም ያማረው ለእርስዎ ካሜራ ብሎ አይደለም። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቅ ለሶላት ቢዘጋብዎ አይማረሩ። መንገድ የሚመራዎ ሰው ከያዙ የግማሽ ቀኑን ሒሳብ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ።

ባልና ሚስቱ ከ22ቱ ያዩት 9ኙን ነው። ችግራቸው ሁሉ ተፈታ አልልዎትም፤ ቪዛውም አልመጣም። ግን ቀሚሱ ተሰፍቶ ተለብሷል፤ ራት ላይም ከአስቤዛ ሌላ ወሬ ተጀምሯል። ወረቀቱ ዛሬም ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። "13ቱ ይቀሩናል" ይላል፤ እሷም "አይቸኩሉም" ትለዋለች።

እንግዲህ እርስዎም ሲሄዱ ልብስዎን፣ ምቹ ጫማዎንና ዝርዝር ብር ይያዙ። ዝርዝሩን ወረቀት ግን እቤት ይተዉት።

መልካም ጉዞ!