የአባቴ ኮምፒውተርና የእኔ ፍርድ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። እኔ ግን ቸኩዬ ያፈሰስኩትን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልለቀምኩትም። ነገሩ የጀመረው በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

አባቴ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ያለው ንብረት አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተርና በ2000 ዓ.ም. «ሰከንድ ሀንድ» የገዛው ባለ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። እኔንም እህቶቼንም ያስተማረን ይህ ኮምፒውተር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማመልከቻው፣ የኪራይ ውሉ፣ የሥራ ልምዱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉም በእሱ በኩል አልፏል።

«ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለነው ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አባቴ ለዓመታት ያከማቸው የውልና የማመልከቻ ናሙና ከሞላ ጎደል በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በድሮው አሠራር ነው የቀጠሉት። በድሮው አሠራር የእኛ ፊደል የሚቀመጠው በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ስለሆነ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት «ውል ሰጪ» የሚለው ቃል ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ያ አሮጌ ሣጥን ለአባቴ መሥሪያም መዝገብ ቤትም ነው።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ታሞ አገኘሁት። ሥራ መሃል ላይ ድንገት ድርግም ይላል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ደንበኛ ይቆጣል፣ እንደገና ሲያበሩት አንዳንዴ ጢጥ ጢጥ እያለ አልነሳም ይላል። ከዚህ ሌላ ጠዋት ጠዋት ሲከፈት ቀኑን ይስታል። «ጃንዋሪ 1፣ 2002» ይላል፤ በእኛ ታህሣሥ 23 ቀን 1994 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ገና አልተወለድኩም! አባቴ ግን ኤፍ 1 የምትለዋን ቁልፍ ይጫንና ሥራውን ይቀጥላል።

አባቴ ጠዋት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት አብራን የሠራች ታይፒስት ነበረችን። በደመወዟ ማታ ማታ ትማራለች። «እሷ ስትነካው ነው የሚጠፋው» አለኝ አባቴ። «እኔ ጠዋት ስሠራበት ምንም አይል። አንተ ተምረሃል፤ እስቲ እየው።»

«አንተ ተምረሃል» የምትለዋ ቃል እንዴት ልብ እንደምታሳብጥ የቀመሳት ያውቃታል። ለምን ይዋሻል፣ እኔ የተማርኩት የዜና አጻጻፍ መግቢያ እንጂ ኮምፒውተር ጥገና አልነበረም። ቢሆንም ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከደንበኛ መዝገቡ ዳርቻ ላይ ልጅቷ በእርሳስ «ጠፋ 9፡20»፣ «ጠፋ 10፡05» እያለች ጽፋ አየሁ። ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍቷል፤ ዘጠኙ በእሷ ፈረቃ ነው። ቀጥዬ በጸረ ቫይረስ ፈተሽኩት። በፍላሽ የሚተላለፍ፣ ፋይል ደብቆ በምትኩ ሾርትከት የሚያስቀምጥ ቫይረስ ተገኘ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ማስረጃም ቁጥርም በእጄ ነው። «የደንበኛ ፍላሽ ሳትፈትሽ እየሰካች ነው ያበላሸችው» ብዬ ፈረድኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

ከሰዓት በኋላ ስትመጣ አባቴ ነገራት። እሷም ወደ እኔ ዞር ብላ «ሲሞቅ ነው እኮ የሚጠፋው። እኔ ምን አደረግኩት?» አለች። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል «ቫይረስ ነው» አልኳት። አልተከራከረችም። ቦርሳዋንና ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። በማግስቱ አልመጣችም፤ አባቴም ና በሏት አላለም።

እናላችሁ ቫይረሱን አጸዳሁ። በማግስቱ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአንድ ደንበኛ የኪራይ ውል እጽፋለሁ። ሰዓቱ 9፡30 ይሆናል። ድርግም! ደንበኛው አየኝ። እኔ ስክሪኑን አየሁት። አባቴ ደግሞ እኔን አየኝ። ማናችንም ምንም አላልንም።

በዚያው ቀን ሰፈራችን ያሉ አንድ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ሄጄ ነገሩን ዘረዘርኩላቸው። ከት ብለው ሳቁብኝና «አቦ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» አሉኝ። አላውቅም። «እሱን ሳታውቅ እንዴት ቫይረስ ነው አልክ?» ቀጥለው እስካሁን የማልረሳውን ምክር ሰጡኝ፤ «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሁለቱን አብረህ ከቀየርክ የትኛው እንደሆነ ማን ይነግርሃል?» ቴስተራቸውንም አዋሱኝ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ባዮስ የሚባለውን ክፍል ከፍቶ መተው ነበር። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዊንዶውስን ከመጥራቱ በፊት ራሱን የሚያይበት ፕሮግራም ነው። እዚያ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና የኤሌክትሪኩ መጠን የሚታይበት ገጽ አለ። ያንን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ሙቀቱ 60፣ 70፣ 80 እያለ ወጣ። 84 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ዊንዶውስ አልተነሳም፣ ፍላሽ አልተሰካም፣ ልጅቷም የለችም። ቫይረሱ መኖሩ እውነት ነበር፤ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋው ግን እሱ አልነበረም። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ምክንያት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ካቻቪቴ አምጥቼ ሣጥኑን ከፈትኩት። ምን አለፋችሁ፣ በፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ሥር ያለው ብረት በአቧራ ተሸፍኖ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። አቧራውን በብሩሽ አራገፍኩ። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቆ ስለነበር ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ሙቀቱ ወደ 56 ወረደ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ «አገኘሁት» ብዬ አወጅኩ። ሁለት ቀን ደህና ሠራ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ድርግም አለ። ሙቀቱን ሳየው 58 ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ብቻውን አልነበረም። አንድ ጥፋት ማግኘት ጥፋቱን ሁሉ ማግኘት አይደለም ማለት ነው።

አሁን ተራ በተራ መሄድ ጀመርኩ። ጢጥ ጢጥ የሚለው ነገር የራም ችግር ሊሆን እንደሚችል ስለተነገረኝ ራሙን ነቅዬ የወርቅማ ጥርሶቹን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት። ጢጥታው ቀረ፤ መጥፋቱ ግን አልቀረም። ቀጥዬ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ዞርኩ። ይህ ክፍል የግድግዳውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት የሚያወርድ ነው። በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ቴስተር ሲደረግ 12 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከ11.4 ካነሰ ወይም ከ12.6 ከበለጠ ችግር አለ ማለት ነው። ጠዋት 11.9 አነበብኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያው ሽቦ፣ ያው ቴስተር 11.1 አለኝ። እጄን ከኋላው ሳደርግ ነፋስ የለም፤ የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ለስሙ ነው የሚዞረው።

አንዴ ስለተቀጣሁ ወዲያው አልፈረድኩም። ከጠጋኙ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ቀየርኩ። ሦስት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። ከዚያ አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። አባቴ «የዳነውን በሽተኛ እንደገና ታሳምማለህ እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። በዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ ጠፋ። የተዋስኩትን ስመልስ እንደገና ሠራ። አሁን ምክንያቱ ታወቀ። ጠጋኙ አሮጌውን ሲከፍቱት (ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እናንተ እንዳትሞክሩት) የማራገቢያው ዘንግ ደርቆ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያረጋጉት ካፓሲተሮች ደግሞ ሁለቱ ጭንቅላታቸው አብጦ ተገኙ። እንዲህ ዓይነት ካፓሲተር በአሥር ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል። ድሬዳዋን በሰኔ የሚያውቅ፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ያየ፣ ቀሪውን ይገምተዋል።

የቀኑም ምስጢር ተፈታ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከመስመር በሚያገኘው ኃይል ይሠራል፤ ኃይል ሲቋረጥ ግን ባትሪዋ ናት የምታቆየው። ስለካት 2.1 ቮልት ብቻ ቀርቷታል። አባቴ ደግሞ እሳት እንዳይነሳ ብሎ ማታ ማታ ከቆጣሪው ያጠፋል። ስለዚህ ቀኑ የሚበላሸው ሁልጊዜ ጠዋት፣ በአባቴ ፈረቃ ነበር። ታዲያ እኔ አንድም ቀን «አባቴ ነው ያበላሸው» ብዬ አስቤ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ አፈርኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መዝገቡ ነው። እንደገና ገለጥኩት። አሥራ አንዱን ቆጥሬ ዘጠኙን በእሷ ላይ ስጽፍ፣ በአባቴ ፈረቃ የጠፉትን ሁለቱን ዘልያቸው ነበር። ዘጠኙም ቢሆኑ ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ ቤቱ በሚጋልበት ሰዓት የሆኑ ናቸው። እሷ የነበረችው ያኔ ስለሆነ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሙቀቱን ነው። ይባስ ብሎ ከሰዓቶቹ ጎን በትንንሽ ጽሑፍ «ማራገቢያ ሳዞርለት ቆየ» የሚል ሦስት ቦታ ላይ አለ። ለካስ በዚያ ሁሉ ሙቀት የቤቱን ማራገቢያ ከራሷ አንስታ ወደ ሣጥኑ ታዞረው ነበር! ችግሩን ለማግኘት የያዘችውን ማስታወሻ እኔ መክሰሻ አደረግኩት። ግማሹን በሽታ ከእኔ በፊት ያለ ቴስተር ደርሳበታለች። ነግራኛለችም። አልሰማኋትም እንጂ።

ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የተናገርከው አንተ ነህ፣ የሰማሁህ ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለታችንም እንሂድ» አለ። ለገሃሬ አካባቢ ሌላ ጽሕፈት ቤት ገብታ ስትሠራ አገኘናት። አባቴ አጎንብሶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ተመለሺም አላት። እሷ ግን አዲሶቹ አሠሪዎቿ ከተቀበሏት ገና ወሯ ስለሆነ ጥዬ ብሄድ ደስ አይለኝም አለች። ወደ እኔ ዞራ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ነበር መሰላችሁ? «ታዲያ ምኑ ነበር?» ፓወር ሰፕላዩና አቧራው እንደነበር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና «እኔ እኮ ድምፁ ሲቀየር ይታወቀኝ ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለችኝ። ቂም አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ክፍል ውስጥ «የተከሳሹን ወገን ሳትጠይቁ ዜና አትሥሩ» ሲባል ስንቶቻችን ደብተራችን ላይ ጽፈን ለፈተና ሸምድደነዋል! እኔም ሸምድጄዋለሁ፤ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ነገር ግን የአንድ ሰው እንጀራ ከእጄ ሥር ሲያልፍ ትዝ አላለኝም። ቁጥር ነበረኝ፤ ቁጥሩም እውነት ነበር። ማስረጃ ነበረኝ፤ ማስረጃውም እውነት ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት እርምጃ ርቃ ለቆመች ልጅ «አንቺስ ምን አየሽ?» ማለት።

ኮምፒውተሩ በአዲስ ፓወር ሰፕላይና በአዲስ ባትሪ እስከ አሁን ይሠራል። ቀኑንም አይስትም። አባቴ ግን ከሰዓት በኋላም ብቻውን ነው የሚጽፈው፤ ያውም በሁለት ጣቱ። ስልክ ስደውልለት ከኋላ ተክ ተክ የሚለው ይሰማኛል።