ሐራና የዘማቹ ክራር

ባለፈው ሰሞን ከልጅ ልጄ ጋር ከወልዲያ ወደ ሐራ ወረድን። ሙቀቱ ያው የድሮው ነው፤ የባቡር ሐዲዱ ግን በእኔ ጊዜ አልነበረም።

“ሐራ” በግዕዝ ሠራዊት፣ ወታደር ማለት ነው። ስሙን ስሰማ ትዝ የሚሉኝ፣ ነርስ ሳለሁ ቁስላቸውን የማጥብላቸው አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ኮሪያ ከዘመተው ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ሄደዋል። በዚያ ጦርነት ከተሰለፉት ወገኖቻችን ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አልነበረም።

ሽማግሌው ክራር ተጫዋች ነበሩ። “ልጄ፣ በዚያ ብርድ ጣቴ አልታዘዝ ይለኝ ነበር፤ አምባሰልን ስመታ ግን አገሬ ደርሼ እመለሳለሁ” ይሉኝ ነበር። አምባሰልና ባቲ የወሎ አገሮች ናቸው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ የተጠሩት በእነርሱ ስም ነው።

አንድ ቀን ክራራቸውን ይዘው መጡ። ወረፋው ረጅም ነበርና “ሌላ ቀን ያሰሙኛል፣ አባባ” አልኳቸው። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ አረፉ።

“እንዴት ነበር የሚጫወቱት?” አለችኝ የልጅ ልጄ። መልስ አጣሁ።

በቤታችሁ ዘማች ካለ፣ ሥራ ቢበዛባችሁም ልጆቹን ይዛችሁ ዛሬውኑ ከጎኑ ተቀመጡ።