ፒንዎን ማን ማን ያውቀዋል?

እስቲ በጣትዎ ይቁጠሩልኝ። የኤቲኤም ካርድዎን የምስጢር ቁጥር ከእርስዎ ሌላ ስንት ሰው ያውቀዋል? ባለቤትዎ፣ አንድ። ትልቁ ልጅ፣ ሁለት፤ ዝናብ ይዞዎት ልከውት ነበርና። አስቤዛ የምትገዛው ሠራተኛ፣ ሦስት። ታመው በተኙ ጊዜ ገንዘብ ያወጣልዎ ወንድምዎ፣ አራት። ይህን ጥያቄ ቡና ላይ ለወዳጆቼ ሳነሳ «ማንም አያውቀውም» ያለኝ ሰው የለም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ይቀየማሉ። «የቤቴን ሰው ልጠርጥር እንዴ?» ይሉኛል።

እኔ ነገሩን የማየው በሌላ በኩል ነው። ፒን ከቤት ሰው የሚደበቀው ያ ሰው ስለማይታመን አይደለም። አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ጣት እንዳይቀሰርበት ነው።

በሠፈራችን የሆነውን ልንገርዎት። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብዛኛውን ጊዜ ካርዳቸውን ለሠራተኛቸው እየሰጡ ነበር ብር የሚያስወጡት። ልጅቷ አምስት ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ አንድም ቀን ሳንቲም አጉድላ አታውቅም። ታዲያ ከፋሲካ በኋላ ልጆቻቸው ሂሳቡን ሲያዩ በሦስት ቀን ውስጥ በተከታታይ ብር ወጥቷል። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ «ፒኑን ማን ያውቃል?» የልጅቷ ሻንጣ ተበረበረ። ምንም አልተገኘም፤ እሷ ግን በማግስቱ እያለቀሰች ወጣች።

ከሳምንት በኋላ ወንድ ልጃቸው ካርዱን ይዞ ቢሄድ ማሽኑ ፒኑን አልቀበል አለው። ባንክ ገብቶ ሲጠይቅ ገንዘብ ከፋዩ ካርዱን አገላብጦ አየና «ይኼ እኮ የእናትህ ካርድ አይደለም» አለው። ያኔ ነው ነገሩ የተገጣጠመው። በበዓሉ ዋዜማ መምህርቷ ራሳቸው ወደ ኤቲኤም ሄደው ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማሽኑ አስቸገራቸው፤ ከኋላቸው የቆመ ትሑት ወጣት «እማማ ላግዝዎት» አላቸው። አገዛቸውም። ብሩንም ካርዱንም አስረክቦ «እንኳን አደረስዎ» ብሎ ሄደ። ያስረከባቸው ግን የዚያው ባንክ፣ ያው ቀለም ያለው የሌላ ሰው ካርድ ነበር። ልጅቷን ይቅርታ ሊጠይቋት ፈለጓት፤ ስልኳ አይሠራም፤ አገሯ ገብታ እንደሆነም የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። የካርድ ሌባ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እርስዎ የያዙትና እርስዎ የሚያውቁት፤ ማለትም ካርዱና ቁጥሩ። አንዱ ብቻውን ከማሽን ብር አያወጣለትም። ስለዚህ ዘዴው ቢለያይም ድካሙ ሁሉ ሁለቱን አንድ ቦታ ለማገናኘት ነው።

ከላይ ያየነው ካርድ መቀየር ነው። ለዚህ ያገኘሁት ቀላል መድኃኒት የጥፍር ቀለም ነው። ካርዱ ጥግ ላይ አንዲት ጠብታ ያድርጉበት፤ ከማሽኑ ሲመለስ ያችን ጠብታ ይዩ። የእናትዎንም ካርድ እንዲሁ ምልክት ያድርጉበት።

ሁለተኛው «ማሽኑ ዋጠው» የምንለውን ድንጋጤ መጠቀም ነው። ካርድ መክተቻው ውስጥ ቀጭን ማሰሪያ አስቀድመው ይከታሉ፤ ካርድዎ ገብቶ አይወጣም። አጠገብዎ ያለው ሰው «እኔም ትናንት እንዲህ ሆኖብኝ ነበር፤ ፒኑን ደግመው ሲያስገቡት ይወጣል» ይልዎታል። እርስዎ ሲነኩ እሱ ያያል። ተስፋ ቆርጠው ሲሄዱ ካርዱን ጎትቶ ያወጣል። እንዲህ ሲገጥምዎ ማሽኑ ፊት እንደቆሙ ወደ ባንኩ ይደውሉና ካርዱን ያዘጉ። የባንኩን የጥሪ ማዕከል ቁጥር ስልክዎ ላይ አስቀድመው ይመዝግቡት፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ቢጻፍም ካርዱ ማሽን ሆድ ውስጥ ነውና አያነቡትም።

ሦስተኛው መቅዳት ነው። ካርድዎ ጀርባ ላይ ያለው ጥቁር መግነጢሳዊ መስመር እንደ ድሮው የቴፕ ካሴት ክር ነው፤ የተጻፈበት ሁሌም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሊቀዳ ይችላል። የፊት ለፊቱ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ ኮድ ስለሚሠራ የአንዱ ቅጂ ለሌላው አያገለግልም። ቀጂዎች በካርድ መክተቻው አፍ ላይ ሐሰተኛ ሽፋን ይለጥፋሉ፤ ከቁጥር መንኪያው በላይ ደግሞ ትንሽ ካሜራ ይደብቃሉ። መክተቻውን ነቅነቅ አድርጎ ማየት አያሳፍርም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፒን ሲነኩ በሌላው እጅዎ መሸፈን ነው። ካሜራውንም ከኋላ የቆመውንም ሰው የሚከለክል፣ ምንም የማያስወጣ ዘዴ ነው። ሱፐርማርኬትና ሬስቶራንት ውስጥም ካርድዎን ይዘው ዞር እንዳይሉ ያድርጉ፤ የመክፈያ ማሽኑ ወደ እርስዎ ይምጣ።

አራተኛው ማሽን አይፈልግም፤ ስልክ ብቻ ነው። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ መረጃዎ ካልታደሰ ካርድዎ ዛሬ ይዘጋል» ይላሉ። ሙሉ ስምዎን ያውቃሉ፤ ድምፃቸው የሠለጠነ ነው። ከዚያ ፒንዎን ወይም አሁን በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ኮድ ይጠይቃሉ። የባንክ ሠራተኛ ለየትኛውም ሥራው የእርስዎ ፒን አያስፈልገውም። ስለዚህ ጥያቄው እንደተነሳ ስልኩን ይዝጉና እርስዎ ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ። ይሉኝታችን ግን ስልክ ሰው ጆሮ ላይ መዝጋት አይፈቅድልንም። ሌቦቹም ይህን በደንብ ያውቃሉ።

ስለ ቁጥሩ ራሱ አንድ ወግ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የተተከለውን የመጀመሪያ የገንዘብ ማሽን የሠሩት ጆን ሼፐርድ-ባሮን መጀመሪያ ያሰቡት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ነበር። ባለቤታቸው «እኔ ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም» ስላሏቸው አራት እንዳደረጉት ኋላ ላይ ተናግረዋል። ከ0000 እስከ 9999 አሥር ሺህ ቁጥር አለ። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ መርጠን 1234ን፣ የልደት ዓመታችንን ወይም የዐድዋን 1888 እንይዛለን። ዐድዋን መውደድ መልካም ነው፤ ለፒን ግን ሌላ ይፈልጉ።

«ታዲያ አስቤዛው እንዴት ይሁን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቤት የሚንቀሳቀሰው በመላላክ ነው። የደመወዝዎ ወይም የእናትዎ ጡረታ የሚገባበት ካርድ ግን ለመላላኪያ አይሁን። ለቤት ወጪ ብቻ ሌላ ሂሳብ ይክፈቱና የሳምንቱን ያህል እያስገቡ ያንን ካርድ ይስጡ። ወይም ብሩን በስልክ ወደ ሠራተኛዋ የራሷ ሂሳብ ይላኩላት፤ የገባላትም ያወጣችውም ተመዝግቦ ይታያል። እስካሁን ሰው ያወቀውን ፒን ደግሞ ዛሬውኑ ይቀይሩት። በየወጪው አጭር መልእክት እንዲደርስዎ ባንኩን ይጠይቁ፤ የስልክ ቁጥር ከቀየሩም ያስመዝግቡ፤ መልእክቱ አሮጌው ቁጥር ላይ እየገባ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሰነብታል።

ገንዘብ ወጥቶ ካገኙ ደግሞ ደቂቃ ዋጋ አለው። ይህ የሚገባን የሌላውን አገር ሕግ ስናይ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችዎ የዴቢት ካርዳቸው መጥፋቱን ባወቁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቁ ኪሳራቸው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ከዘገዩ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ለዕረፍት መጥተው ካርዳቸው እዚህ ቢጠፋ «አገሬ ስመለስ እነግራለሁ» እንዳይሉ ይንገሯቸው። እኛም ጋ ቢሆን ካርዱ ሳይዘጋ ባደረ ቁጥር ሌባው የነገውን የቀን ጣሪያ ያወጣል። በስልክ ካዘጉ በኋላ በአካል ሄደው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ፖሊስ ጋም ይሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይመለከታል።

ባንክ ሲደርሱም «ስንት ወጣ?» ብለው ብቻ አይመለሱ። በየትኛው ማሽን፣ በምን ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ የሚያሳየውን ዝርዝር ይጠይቁ፤ ማሽኑ ካሜራ ካለው ምስሉ እንዲታይልዎ ያመልክቱ። ሠራተኛዋ ወጥ እየሠራች በነበረችበት ሰዓት ብሩ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ወረቀት እጅዎ ሳይገባ ቤት ውስጥ ማንንም አይጠይቁ፤ የማንንም ሻንጣ አያስከፍቱ።