የቆሎ መጠቅለያው

ዛሬ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስወጣ ቆሎ ገዛሁ። መጠቅለያው በእጅ የተጻፈ የባዮሎጂ ማስታወሻ ነበር፤ የቀንድ አውጣ ሥዕል፣ ከጎኑ በእርሳስ የተሞላ ሰንጠረዥ። ቆሎውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን አጣጥፌ ያዝኩት።

ወዲያው የታወሱኝ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ፣ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሥር በኩል ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አልፈው አልሄዱም። አረፋውን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አስጨመሩ፤ እነሱም ሞቱ። እናቶቻችን ነጠላቸውን የሚያነጡበት እንዶድ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምርምር ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፕሮፌሰሩ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ።

የታተመ ጥናት የሚነግረን ውጤቱን ነው። ጥርጣሬው፣ የከሸፈው ሙከራ፣ ህዳጉ ላይ የተጫረው ጥያቄ ያለው ደብተሩ ውስጥ ነው። መምህር ሲያርፍ መጻሕፍቱን ቤተሰብ ይካፈላል፤ ደብተሮቹን ግን ቆራሌው በኪሎ ይወስዳቸዋል። ይኼ ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያሉ ደብተሮች ያሉበት ካርቶን ካለ ከመስጠታችሁ በፊት ግለጡት።

የእኔዋ ቅጠል ላይ አምስተኛው መስመር ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።