መስቀልና የጓዳው ቅቤ

መስከረም ሲጋመስ መርካቶ ጭር ይላል። ባለ ሱቁ በሩን ይዘጋል፤ ሊስትሮው ሣጥኑን አደራ ሰጥቶ ይሳፈራል። ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ባዶ እጁን መግባት ለሚያፍር ግን የዓመት መንገድ ነው።

መስቀልን ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። መልካም። እኔን ግን ከደመራው ይልቅ የጓዳው ነገር ይገርመኛል። ወንዱ በሬ ገዝቶ ይወደሳል፤ ሴቶቹ በውጆ ተቧድነው ዓመቱን ሙሉ በየተራ ያጠራቀሙት ቅቤ ባይኖር ክትፎው ምን ሊሆን ኖሯል? (ከተማ ውስጥ በዘይት የሚለውሱትንስ ተዉት!)

አምና መስቃን፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ወገቧን ስለሚያማት፣ «እቴቴ፣ ዘንድሮ እንኳ ቅቤውን ከገበያ እንግዛ» አልኳት።

«የገበያውን ለራስህ ብላ፤ ልጆቼ የእኔን ነው የሚበሉት» አለችኝ።

ከሦስቱ ልጆቿ የመጣው አንዱ ብቻ ነበር። የሌሎቹን ስም ማንም አላነሳም። ለሙስሊም ጎረቤቷ ቆጮና አይብ በጎመን ላከች፤ እሳቸውም ለአረፋ አይረሷትም። ሁለት ጣባ ክትፎ ግን ሞልታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ እስኪመሽ ድረስ ማንንም አላስነካችም።