ሊጡን የሚቀንሰው የቱ ነው?

ልጃችሁ ትምህርት ከብዷት ስታለቅስ «ይቅርብሽ፣ ይህ ለአንቺ አልተሰጠም» ብላችኋት ታውቃላችሁ? እኔ ብያታለሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ብጨርስም ኮምፒውተር የማውቀው የባለቤቴን ስብከት ለመተየብ ያህል ብቻ ነው።

የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምራ ነበር። የዚያን ምሽት የቤት ሥራዋ የ7ን ማባዣ ከ1 እስከ 12 ማስጻፍ ነበር። በመጀመሪያ «ኢፍ» በሚለው ትእዛዝ፣ «ቁጥሩ ከ12 ካልበለጠ በ7 አባዝተህ ጻፍ» አለችው። ኮምፒውተሩ 7 ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ። «ኢፍ»ን በ«ዋይል» ለወጠችው። አሁን ደግሞ 7፣ 7፣ 7 እያለ ማቆሚያ አጣ። ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ያንን ክፉ ቃል ተናገርኩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት እንጀራ እየጋገርኩ ጠራኋትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም «እስቲ አስረጂኝ» አልኋት።

«እማዬ፣ ‹ኢፍ› አንዴ ጠይቆ ያልፋል። ‹ዋይል› ግን ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ተመልሶ ይጠይቃል» አለችኝ።

ምጣዱን እያየሁ ገባኝ። «እንጀራው ዓይን ካወጣ ክደኚው፤ ካላወጣ ጠብቂ» ቢሉ ይህ «ኢፍ» ነው። «ሊጥ እስካለ ድረስ ጋግሪ» ቢሉ ግን «ዋይል» ነው።

«ታዲያ በአንቺ ሥራ ሊጡን የሚቀንሰው የቱ ነው?» ስል ጠየቅኋት።

ሮጣ ኮምፒውተሩን ከፈተች። በቁጥሩ ላይ 1 የሚጨምረው መስመር ተጽፏል፤ ነገር ግን ከ«ዋይል» ጋር እኩል፣ ከግራው ጠርዝ ጀምሮ ነበር። በፓይተን የሚደገመው ከ«ዋይል» ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተጻፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ 1 እንደሆነ ይቀራል፤ የጥያቄውም መልስ ዘወትር «አዎ» ይሆናል። ልጄ ያንን መስመር አራት ባዶ ቦታ ያህል ወደ ውስጥ አስገባችው። 7፣ 14፣ 21 እያለ ሄዶ 84 ላይ ቆመ! እልል አልን።

ወላጆች ሆይ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ልጄም ሰነፍ አልነበረችም። የጎደለው አራት ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ልጃችሁ አንድን ስሕተት ሲደጋግም «አይገባህም» ከማለታችሁ በፊት አጠገቡ ቁጭ በሉና «በእያንዳንዱ ዙር የሚለወጠው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔም ለዓመታት ስደጋግመው የኖርኩትን ቃል ያን ዕለት አቁሜአለሁ።